ስትሮምቦሊን ከነልጆች በሸራ ጀልባ ለማየት፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

ስትሮምቦሊ ከሲሲሊ በስተሰሜን ባሕር መሐል የቆመ እሳተ ገሞራ ነው። ከውሃው በላይ የሚታየው 924 ሜትር ነው። ከውሃው በታች ያለው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ቢያንስ ላለፉት 2,000 ዓመታት ያህል እሳቱ ሳይጠፋ ቆይቷል። በአብዛኛው በየአሥር ሃያ ደቂቃው ቀይ ፍንጣሪ ወደ ሰማይ ይረጫል። የጥንት መርከበኞች በሌሊት አቅጣጫ ያዩበት ስለነበር የሜዲትራኒያን የመብራት ማማ የሚል ስም ወጥቶለታል።

ይህን ጉዞ ጣሊያን ላሉ ቤተሰቦች ከልብ እመክራለሁ። ሮምም ሆነ ቦሎኛ፣ ሚላኖም ሆነ ፓሌርሞ ብትኖሩ አገር ሳትለቁ የምታዩት ነገር ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁም ይሆናል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ እንግዳ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለስትሮምቦሊና ለአካባቢው ደሴቶች ሌላ ቪዛ የለም። ኤርታ አሌን ለማየት የአፋርን ሙቀት መቻል ያስፈልጋል፤ ትንንሽ ልጆች ይዞ ከባድ ነው። እዚህ ግን ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ጀልባ ላይ ተቀምጠው እሳቱን ያያሉ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። በዚህ ጉዞ ላይ የሚወስነው ነፋሱ ነው። ማክሰኞ ስትሮምቦሊ እንደርሳለን ብሎ ቀን የቆረጠ ቤተሰብ ወይ ያዝናል ወይ አደጋ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. ወቅቱን መምረጥ

ብዙ ሰው ጁላይና ኦገስት ይሄዳል። እኔ አልመክርም። ሙቀቱ ይከብዳል፣ የጀልባ ማሰሪያ ቦታው ይሞላል፣ ዋጋውም ይንራል። ሜይና ጁን ጥሩ ናቸው፤ ግን ለልጆች አንድ ችግር አላቸው። እሳቱ ደምቆ የሚታየው ሲጨልም ነው። በጁን አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ማታ 2፡30 ገደማ ነው። በደንብ እስኪጨልም 3፡00 ሰዓት ያልፋል። የአምስት ዓመት ልጅ እስከዚያ ድረስ ወይ ተኝቷል ወይ እያለቀሰ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ የሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ናቸው። በእኛ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን መሆኑ ነው። ፀሐይ 1፡30 አካባቢ ትጠልቃለች። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ለዋና ይመቻል። የፍልሰታ ጾምም ተፈትቷል። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት መቼ እንደሚከፈት ብቻ አስቀድማችሁ አጣሩ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ አየሩ መለዋወጥ ይጀምራል።

ከቻላችሁ ጨረቃ ሙሉ ያልሆነችበትን ሳምንት ምረጡ። ጨለማው በጠነከረ ቁጥር እሳቱ ይደምቃል።

2. ጀልባውና ካፒቴኑ

የሸራ ጀልባ የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ለዚህ መንገድ የሚመቸው መነሻ በሲሲሊ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የፖርቶሮዛ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ነው። ሚላዞም በአቅራቢያው ነው።

ከእናንተ መካከል የጀልባ መንዳት ፈቃድ ያለውና ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ካፒቴን ቅጠሩ። ፈቃድ ቢኖራችሁም እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆች ጋር ከሆነ ቅጠሩ እላለሁ። እናትና አባት ልጅ እየጠበቁ ሸራ መሳብ አይችሉም፤ አንዱ ይጎድላል። የአካባቢውን ባሕር የሚያውቅ ሰው የትኛው ወሽመጥ በየትኛው ነፋስ እንደሚረብሽ ካርታ ሳያይ ያውቃል።

ካፒቴኑ የራሱ መኝታ ክፍል ያስፈልገዋል። ክፍል ስትቆጥሩ እሱንም ቁጠሩት። ምግቡም በተለምዶ በእናንተ ነው።

አንድ ቀፎ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው አካል) ያለው ጀልባ ሸራው ነፋስ ሲይዝ ወደ ጎን ያዘነብላል። ትልልቅ ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል። ትንንሾቹ ግን ይደነግጣሉ፤ ድስቱም ይንሸራተታል። ሁለት ቀፎ ያለው ካታማራን ብዙም አያዘነብልም፣ ሰፊም ነው፤ ኪራዩ ግን ይወደዳል። ልጆቻችሁ ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑና አቅም ካለ ካታማራን ይሻላል።

ኪራዩን ስትዋዋሉ የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜና ክብደት በጽሑፍ ላኩ። የልጅ ላይፍ ጃኬት በክብደት ነው የሚመረጠው። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ አለዚያ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል። በጀልባው ዙሪያ ባለው የገመድ አጥር ላይ መረብ እንዲያስሩላችሁም ጠይቁ። ሳይጠየቁ የሚያስሩ ጥቂቶች ናቸው።

3. ከመሄድ በፊት ዋና

ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ተምረው ይሆናል፤ እኛ ግን አልተማርንም። ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው በሰፈራችሁ የመዋኛ ገንዳ ተመዝገቡ። ግባችሁ ቢያንስ ሳይደነግጡ በጀርባ መንሳፈፍ ይሁን። ዋና የማይችል ሰው መሄድ ይችላል። ግን ከጀልባው ውስጠኛ ክፍል በወጣ ቁጥር ላይፍ ጃኬቱን ይልበስ። ይህ ለአባትም ለአያትም ይሠራል። ልጅ የሚለብሰው ትልቁ ሲለብስ አይቶ ነው።

4. ዕቃና ስንቅ

ጠንካራ ሻንጣ አትያዙ፤ ጀልባ ውስጥ ማስቀመጫ የለውም። የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን። ጫማ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል፦ ለጀልባው የማይንሸራተት፣ ለደሴቱ ጥቁር አሸዋ ደግሞ ውሃ የሚችል። ጥቁሩ አሸዋ ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል። ለእያንዳንዱ ሰው በግንባር የሚታሰር የእጅ ባትሪ ያዙ፤ የስትሮምቦሊ መንደር በሌሊት ጨለማ ነው። ለማታው ባሕር ጃኬትና ብርድ ልብስ አይቅር። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁ ያዙ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ። የሁሉም ሰው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ከነመኖሪያ ፈቃዱ፣ አብሮ ይሂድ። የተሳፋሪ ዝርዝር ሲሞላ ይጠየቃል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሽሮና በርበሬ ለጀልባ የተሠሩ ይመስላሉ፤ አይበላሹም፣ ቶሎ ይደርሳሉ። እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በደሴቶቹ ዳቦ ቀጥሉ። ቡናውን በሞካ አፍሉ። ከሰልና ዕጣን ጀልባ ላይ ፈጽሞ አይለኮስም። ሸራው፣ ገመዱ፣ ጋዙ፣ ነዳጁ ሁሉ እሳት የሚፈልግ ነገር ነው። እናቶቻችን ይህ ቅር ቢላቸውም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ ምግብ ቤት አይቸግረውም። የእነዚህ ደሴቶች ምግብ በቲማቲም፣ በወይራና ካፐር በተባለ የአበባ እንቡጥ የተሞላ ነው። ፓስታውን ስታዙ «ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡዎቫ፣ ሴንሳ ፔሼ» በሉ። ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ዓሣ ማለት ነው።

ለባሕር ሕመም መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት የልጆቹን ሐኪም ጠይቁ። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመነሣት በፊት ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ዝንጅብልም ለብዙ ሰው ይሠራል። ያቅለሸለሸው ልጅ ውስጥ ገብቶ አይተኛ። ውጭ ተቀምጦ ሩቅ አድማሱን ይይ።

5. መንገዱ፦ ስትሮምቦሊን መሐል ላይ አድርጉት

የኤኦሊ ደሴቶች ሰባት ናቸው፦ ቮልካኖ፣ ሊፓሪ፣ ሳሊና፣ ፓናሬአ፣ ስትሮምቦሊ፣ ፊሊኩዲና አሊኩዲ። ሁሉም በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል።

በአንድ ሳምንት ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። ስትሮምቦሊንም ለመጨረሻ ቀን አታስቀምጡት። ከፖርቶሮዛ እስከ ስትሮምቦሊ 40 የባሕር ማይል ያህል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸራ ጀልባ በሰዓት አምስት ማይል ቢሄድ ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል። መጨረሻ ላይ ነፋስ ከተነሣ እዚያው ትታሰራላችሁ፤ አለዚያም ጀልባውን ለመመለስ ተብሎ ልጆች በማዕበል ይሄዳሉ። ሁለቱም አያዋጣም።

መጀመሪያ ቮልካኖ ሂዱ፤ ከፖርቶሮዛ 20 የባሕር ማይል ገደማ ነው። ሰሜኑ ላይ ጀርባና ጀርባ የሆኑ ሁለት ወሽመጦች አሉት። ፖርቶ ዲ ሌቫንቴ ወደ ምሥራቅ፣ ፖርቶ ዲ ፖኔንቴ ወደ ምዕራብ ያያል። ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ ምሥራቁ ጋ፣ ከምሥራቅ ከሆነ ምዕራቡ ጋ መልሕቅ ጣሉ። የደሴቱ እሳተ ገሞራ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከ1888 እስከ 1890 ነው፤ ጋዙ ግን ዛሬም ይወጣል። በ2021 መገባደጃ ጋዙ ስለጨመረ በወደቡ አካባቢ ያሉ ሰዎች ሌሊቱን ቤታቸው እንዳያድሩ ታዝዘው ነበር። ከሚወጣው ጋዝ አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይጠራቀማል። ልጅ ደግሞ ቁመቱ አጭር ነው። ጉድጓዳማ ቦታ ላይ ልጆች እንዳይቀመጡ፣ እንዳይተኙ። ክልከላ የተለጠፈበትን ቦታ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ሊፓሪ ከቮልካኖ በጠባብ የባሕር መተላለፊያ ብቻ የተለየ ነው። ውሃና አትክልት የምትሞሉት እዚህ ነው። ቤተ መዘክሩ ያለው ምሽጉ ላይ ነው። ስለ እሳተ ገሞራ የሚያስረዳ ክፍል ስላለው ልጆቹን ከስትሮምቦሊ በፊት እዚያ ውሰዷቸው። ኦብሲዲያን የተባለውን ጥቁር መስታወት መሳይ ድንጋይም ያያሉ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ስለት እየሠሩበት በባሕር ማዶ ይነግዱበት ነበር።

ከሊፓሪ ፓናሬአ 11 የባሕር ማይል ያህል ነው። እዚህ ሁለት ሌሊት ያዙ፤ የጉዞው ቁልፍ ይህ ነው። ፓናሬአ ተቀምጣችሁ ለስትሮምቦሊ የሚሆነውን ምሽት ትጠብቃላችሁ። ካላ ዩንኮ በተባለው ወሽመጥ ልጆቹ ይዋኛሉ። ከበላዩ ወደ ባሕር ሾልኮ በወጣው የመሬት ጫፍ ላይ የነሐስ ዘመን መንደር ፍርስራሽ አለ። ሊስካ ቢያንካና ቦታሮ የተባሉት ትንንሽ ደሴቶች አጠገብ ደግሞ ጋዝ ከባሕሩ ወለል በአረፋ ይወጣል። ወደዚያ ከመቅረባችሁ በፊት የዕለቱን ክልከላ ካፒቴኑ ይጠይቅ።

6. ምሽቱን መምረጥና እሳቱን ማየት

በዚያ ቀን ጠዋት ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ የነፋስ ትንበያ። ከ15 ኖት (በሰዓት 15 የባሕር ማይል) በላይ ከሆነ ከልጆች ጋር አትውጡ። የአሁኑ ብቻ ሳይሆን የሌሊቱም ይታይ፤ መመለስ አለና።

ሁለተኛ የእሳተ ገሞራው ሁኔታ። የጣሊያን ሲቪል መከላከያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ በሚሉ ደረጃዎች ያሳውቃል። ብሔራዊው የጂኦፊዚክስና የእሳተ ገሞራ ተቋም ደግሞ ክትትሉን በድረ ገጹ ያወጣል። ብርቱካንማ ወይም ቀይ ከሆነ ቅሩ።

ሦስተኛ የወደብ ጠባቂዎች ትእዛዝ። ጀልባ ከየት በላይ መቅረብ እንደማይችል የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ትእዛዙም ይለዋወጣል።

ሦስቱም ከተስማሙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከፓናሬአ ተነሡ። መንገዱ 12 የባሕር ማይል ያህል ነው። እራት እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ይበላ። ልጆቹም ቀን ላይ እንዲተኙ አድርጉ።

የምትሄዱት ወደ ሻራ ዴል ፉኦኮ ነው። በደሴቱ ሰሜን ምዕራብ ያለ ጥቁር ቁልቁለት ነው። የሚፈነዳው የጋለ ድንጋይ በዚህ ላይ እየተንከባለለ ባሕር ይገባል። ማንም ሰው አይኖርበትም።

ትእዛዙ ቢፈቅድም እንኳ ከአንድ የባሕር ማይል ባነሰ ርቀት አትቅረቡ እላለሁ። ምክንያት አለኝ። ጁላይ 3 ቀን 2019 ከወትሮው በጣም የበረታ ፍንዳታ ደርሶ አንድ የእግር ተጓዥ ሞተ። በዚያው ዓመት ኦገስት 28 እንደገና ሲፈነዳ ትኩስ ጋዝና አመድ ከቁልቁለቱ ወርዶ በባሕሩ ላይ ተንከባለለ። በአቅራቢያው የነበሩ ጀልባዎች ሞተር አስነሥተው ሸሹ። እንዲህ ያለው ፍንዳታ ቀጠሮ አይሰጥም። ከአንድ ማይል ርቀትም እሳቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድምፁም ይደርሳል። ቀርቦ የሚገኝ ተጨማሪ ነገር የለም።

እዚያ ስትደርሱ ሸራው ይውረድ፣ ሞተሩ ግን አይጥፋ። የጀልባው አፍንጫ ወደ ክፍት ባሕር ይዙር። አመዱ ወደ እናንተ እንዳይመጣ ነፋሱ ከእናንተ ወደ ተራራው በሚሄድበት በኩል ቁሙ። የጀልባው መብራቶች ይብሩ፤ ሌሎች የጎብኚ ጀልባዎች በጨለማው ውስጥ አሉ። ልጆቹ ላይፍ ጃኬት ለብሰው፣ በደኅንነት ቀበቶ ከጀልባው ጋር ታስረው፣ መሪው አጠገብ ይቀመጡ። አንድ ትልቅ ሰው ልጆቹን ብቻ ይይ። እሱ እሳቱን አያይም፤ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ተቀያየሩ።

ልጆች ለምን እንደሚፈነዳ ይጠይቃሉ። ወፍራም ሽሮ ሲንተከተክ እዩ በሏቸው። ከሥር የመጣው አረፋ እያበጠ ይወጣና ጧ ብሎ ይረጫል። እዚህም የቀለጠው አለት ውስጥ ያለው ጋዝ ተሰባስቦ ትልቅ አረፋ ይሆናል፣ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ አፉ ላይ ሲፈነዳ ቀዩን ድንጋይ ይዞ ይወጣል። የእያንዳንዱን ፍንዳታ ሰዓት አንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ይያዝ። በመጠበቁ ጊዜ ከመሰልቸት ያድናል።

አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት ምንም ላይታይ ይችላል፤ ያኔ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ወደ ፓናሬአ ተመለሱ። ልጆቹ በመንገድ ላይ ይተኛሉ።

7. መንደሩ ላይ መውረድ

ብዙ ቤተሰብ ስትሮምቦሊ ማደር ይፈልጋል። እኔ ማደሩን ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ መውረዱን ነው የምመርጠው። ደሴቱ ማሪና የለውም። በሰሜን ምሥራቁ ስካሪ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት በበጋ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች ይኖራሉ፤ በክፍያ ነው። መልሕቅ መጣልም ይቻላል፤ ግን የባሕሩ ወለል ከዳርቻው ትንሽ ራቅ እንዳለ በድንገት ይጠልቃል። መልሕቁ የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ አትሞክሩ። ጀልባው ላይ ሁልጊዜ አንድ ነጂ ይቅር።

ወደ ዳርቻው የሚኬደው በትንሿ የጎማ ጀልባ ነው። ልጆቹን በሁለት ዙር አድርሱ፤ ከመጠን በላይ አትጫኑ።

መንደሩ ውስጥ ወደ ሳን ቪንቼንሶ ቤተ ክርስቲያን ውጡ። አደባባዩ ላይ ሆናችሁ ስትሮምቦሊኪዮ የተባለውን ከባሕር የወጣ አለት ታያላችሁ፤ ጫፉ ላይ የመብራት ማማ አለ። ተራራውን መውጣት በተመለከተ፣ ከ2019 ወዲህ ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ ለዓመታት ተዘግቷል። እስከ የት ድረስ በራስ፣ ከየት በላይ በአስጎብኚ እንደሚፈቀድ የሚወሰነው በወቅቱ ደረጃ ነው። ከዳርቻው ስትወጡ ጠይቁ። ለትንንሽ ልጆች ከመንደሩ ወደ ፑንታ ላብሮንዞ የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ይበቃል። ውሃ ብዙ ያዙ።

መንደሩ ውስጥ የማምለጫ አቅጣጫ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ለልጆቹ አሳዩአቸው። ዲሴምበር 30 ቀን 2002 የሻራ ዴል ፉኦኮ ቁልቁለት ተንዶ ባሕር ገባና ማዕበሉ የዳርቻውን ቤቶች መታ። አሁን የማስጠንቀቂያ ሳይረን አለ። ዳርቻው ላይ ሳላችሁ ሳይረን ከሰማችሁ፣ ወይም ባሕሩ በድንገት ወደ ኋላ ሲሸሽ ካያችሁ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ ሩጡ። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ግን ወደ ዳር አትምጡ፤ ማሰሪያውን ፈታችሁ ወደ ጥልቁ ባሕር ሂዱ። ሱናሚ ጥልቅ ውሃ ላይ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያድገው ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ነው። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ቢገኝ አንዱ ሌላውን ሊፈልግ እንዳይመለስ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህን ንግግር ማንም አይወደውም፤ ግን ቁርስ ላይ አምስት ደቂቃ ስጡት።

የአደጋ ጥሪ ባሕር ላይ በጀልባው ሬዲዮ ቻናል 16 ነው። ስልክ ካለ 1530 የጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ነው፤ 112 ደግሞ አጠቃላይ አደጋ። ካፒቴኑ ቢታመም ሬዲዮውን መጠቀም የሚችል ሰው ይኑር። መጀመሪያ ቀን ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

8. መልስ

ከስትሮምቦሊ በኋላ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀን ይኑራችሁ። አየሩ ካማረ ሳሊና ላይ ታሳልፉታላችሁ፤ አረንጓዴ ደሴት ነው፣ ካፐሩም የታወቀ ነው። እንቁጣጣሽ በጉዞው ላይ ከዋለ ለማክበርም ይመቻል። አየሩ ከከፋ ቀኑ ለመጠበቂያ ይሆናል።

ጀልባው የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ ነው፤ ነዳጁ ተሞልቶ። የነዳጅ ማደያው ሰልፍ ስላለው ከሰዓት በኋላ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ሸራውና ወለሉ ላይ አመድ ካለ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት። የእሳተ ገሞራ አመድ ብናኝ ድንጋይና መስታወት ነው፤ ሸራውንም ቀለሙንም ይቧጭራል። በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጀልባውን ስታስረክቡም አመድ እንደወረደበት ለተረካቢው ንገሩት።